ዕቃ ቤቴ ውስጥ የተቆለፈው ቁልፍ ሠሪ

ይህን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስንት ሳምንት ሙሉ ስታነቡት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንባችሁን በእጅጌያችሁ ስትጠርጉበት ግን ከርዕሱ ሥር የታተመው የእህቴ ልጅ ስም ነበር። ለምን ቢባል፣ የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ፍቅር አንድ መስመር ይወጣታል ብሎ አያምንም። «እማማ፣ እርስዎ ወጉን ያወራሉ፤ ድርሰቱን የምትደርሰው እሷ ናት» አለኝ አንድ ቀን፣ የኔኑ ሻይ እየጠጣ። ብርጭቆውን ቀምቼ ልፈነክተው ነበር። ብርጭቆው አሳዘነኝ።

ዛሬ ይኸው አዘጋጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የምለውን ይጽፋል። ስለ ራሱ የምለውንም ጭምር። ቅድም «ይህቺስ ትቅር» ብሎ ቀና አለ፤ «አትቀርም፣ አንገትህን ድፋ» አልኩት። ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆኗል። ይሁን።

ያቆምንበትን ለረሳችሁ ላስታውሳችሁ። ቁልፍ ሠሪው የሙት ልጅ ነው። ያለችው አንዲት ሰማያዊ ሸሚዝ ናት። የአንድ ባለጸጋ ቤት በር አልከፈት ብሎ ሊከፍት ተጠርቶ ሄደና የባለጸጋውን ልጅ በመስኮት መጋረጃ በኩል አያት፤ እሷም አየችው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ቁልፍ በየጊዜው መበላሸት ጀመረ። አባትየው ነቃ። ቁልፍ ሠሪውን ራሱ ባደሰው ቁልፍ ዕቃ ቤት ዘጋበትና «ይህ በር ለአንተ መውጫ የለውም» አለው። እዚያ ላይ አቆምኩ። አንባቢ ሳምንቱን ሙሉ ይንገብገብ ብዬ ነው።

እንግዲህ እኔ የባለጸጋ ዕቃ ቤት የት አውቃለሁ? ባለጸጋ ዘመድ የለኝ፤ ቢኖረኝስ ዕቃ ቤቱን ሊያሳየኝ ነው? የማውቀውን ተናገርኩ። ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ እግሯ የተሰበረ ወንበር፣ ክዳኑ የማይገጥም ሣጥን፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ የሟች ባሌ ኮት፣ ግድግዳው ላይ እርጥበት የሣለው ግመል። የራሴን ዕቃ ቤት ነው አንድም ሳላስቀር የሰጠሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከዕቃ ቤቴ ፉጨት ተሰማ።

በሩን የከፈተችው ጭራሮ ናት። የእህቴን ልጅ ጭራሮ እላታለሁ፤ ቀጭን ናት፣ ደግሞ ቶሎ ትያያዛለች። ከልጅነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ ትሠራለች፤ ስትመለስ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስንጨርስ ጮክ ብላ መልሳ ታነብልኛለች። ይህ ሕጌ ነው፤ ያልተነበበልኝ ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም። ማንበብ አልችልም እንጂ ጆሮዬን ማንም አያታልለውም እያልኩ እኮራ ነበር።

ከፍታ አልጮኸችም። መቃኑን ተደግፋ ቆመች። እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ግዛቴ ከአልጋ እስከ ወንበር ነው፤ ወንበሬ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ትይዩ ነው።

«ምንድነው? አይጥ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ቁልፍ ሠሪው ነው።»

«የቱ ቁልፍ ሠሪ? ማን ጠራው?»

«አንቺ ነሻ» አለችኝ።

ሰማያዊ ሸሚዝ ከጨለማው ወደ ደፉ ቀረበ። መልኩ እንዳልኩት ነው፤ ቅንድቡ እንዳልኩት፣ ትከሻው እንዳልኩት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ለእኔ ብሎ ለቁም ሣጥኑ።

«እመቤቴ፣ የዕጣ ፈንታዬ ማዕበል ከደጃፍዎ ጥሎኛል» አለ።

ቃሉ የኔ ነው። ሲነበብ ያስለቅስ ነበር። ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲሉት ግን ሰው ያፍራል። «ደጃፍ አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው» አልኩት። «ደግሞ እኔ ወዲህ ነኝ። በል ውጣና ወደ ታሪክህ ሂድ።»

እግሩን አንሥቶ ደፉን ተሻገረ። ተሻገረ ስል እግሩ ወዲህ አላረፈም፤ ዓይናችን እያየ ከዕቃ ቤቱ የኋላ ግድግዳ፣ ከግመሉ ሥር ተገኘ። ደገመው። አሁንም ግመሉ ሥር። ጭራሮ እጁን ይዛ ሳበችው፤ የሷ እጅ ባዶውን ወዲህ ቀረ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ነጭ ነው» አለ። «በሩ ላይ የቆመ ሰው ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፤ እግር የሚያሳርፉበት የለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በሩን ዘጋሁበት እንጂ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያልተናገርኩት ደግሞ ለእሱ የለም። ለአንባቢ መንገብገቢያ ብዬ ባበጀሁት ጉድጓድ ውስጥ ሰው በቁሙ ቀበርኩ።

* * *

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ገጽ የኮከብ ትንበያ ያነበባችሁት ለዚህ ነው። እኔ መቀጠል ፈራሁ፤ አንድ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ምን እንደሚደርስበት ማን ያውቃል?

እሱ እንደሆነ እንግዳ ሆኖ ኖረ። ሲበላ ተናግሬ ስለማላውቅ አይርበውም። አንድ ጊዜ ሻይ ሲጠጣ ስለተናገርኩ ግን ሻይ ባየ ቁጥር ይጠማል። ሸሚዙ አይቆሽሽም። የሣጥኑን ክዳን ገጠመው፣ የወንበሯን እግር መለሰላት፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ፈቶ አጽድቶ መልሶ ገጠመ። በዓለም ላይ ያለውን በር ሁሉ የሚከፍት እጅ አንዲት ክፍት በር አቃተችው። ሥራ ሲያጣ ቆሞ ያቺን ጠባብ መስኮት ያያል። እሷም ብትሆን ውጪዋ ነጭ ነው።

ጭራሮ ይህን አልቻለችም። ከሱቅ ስትመለስ በየጎረቤቱ እየዞረች የተበላሸ ጓጉንቸር ትሰበስብ ጀመር። በትሪ ታመጣና ደፉ ጋ ትቀመጣለች፤ እሱ ከደፉ ወዲያ፣ እሷ ከደፉ ወዲህ። ትሰጠዋለች፣ ይፈታል፣ ይሞርዳል፣ ይመልስላታል። የሰፈሩ ጓጉንቸር ሁሉ ተሠርቶ አለቀ። ጎረቤቶቼ «ልጅሽ እጇ ወርቅ ነው» ይሉኛል። ያልተበላሸ ጓጉንቸር ሳይቀር ይዛ መምጣት ስትጀምር፣ እንግዲህ ነገሩ የቁልፍ እንዳልሆነ ለመረዳት መማር አያስፈልግም።

እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አንዱ ሲያይ ሌላው ያቀረቅራል፤ ሌላው ሲያይ አንዱ ያቀረቅራል። የውኃ መቅጃ ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ሳይ ሳይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውየው ቁልፍ ከመሞከሩ በፊት መዳፉ ውስጥ ያሞቀዋል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይከልላል። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ። እኔ ይህን ሁሉ አልሰጠሁትም። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሮን ዝቅ ባለ ድምፅ «ሻይሽ ቀዘቀዘ» ሲላት ሰማሁ። ይህቺ የኔ አይደለችም። የኔ ቁልፍ ሠሪ ሻይ ቀዘቀዘ አይልም፤ «እንደ ተስፋዬ በረደ» ነው የሚለው። ከየት አመጣት?

በዚያው ሰሞን ጭራሮ ድፍረት አገኘችና፣ ትሪውን እያስተካከለች፣ ሳታየው ጠየቀችው።

«ትናፍቅሃለች?»

«ማን?»

«እሷ ናታ። የባለጸጋው ልጅ።»

ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑ ፈዘዘ፣ እጁ ደረቱ ላይ ወጣ። «ያለ እሷ ቀኔ ፀሐይ የሌለው ሰማይ፣ ልቤም ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ነው» አለ።

ያቺን ዐረፍተ ነገር ስናገራት እኔ ራሴ አልቅሼባታለሁ። አሁን ጭራሮ ፊት ላይ እንደ ጥፊ ስታርፍ አየኋት። ልጅቷ ትሪዋን አንሥታ ተነሣች። እሱ አፉን ከፍቶ ሌላ ቃል ፈለገ፤ አልመጣለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓጉንቸሩን ደፉ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። አትቀመጥም። እሱ የተሠራውን ደፉ ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ያንን ድርድር ስመለከት፣ ቤቱ ሁሉ ዕቃ ቤት ሆነብኝ።

* * *

አዘጋጁ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ማስጠንቀቂያም የለው፣ ሰላምታም የለው። ጻፍ፤ ሰላምታ አልነበረህም።

«እማማ፣ አንባቢ ሠርግ ይፈልጋል» አለ። «ሐሙስ መጨረሻው ካልደረሰኝ እኔው እጽፈዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ወይ እድረዋለሁ ወይ እገድለዋለሁ። ከሁለቱ ለገጹ የሚበቃውን።»

ከዕቃ ቤቱ ይሰማ የነበረው ፉጨት ቀጥ አለ። አዘጋጁ አንገቱን አዞረ።

«ማነው እዚያ ውስጥ?»

«አይጥ።»

«አይጥ ያፏጫል?»

«የኛ ቤት ያፏጫል። ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

ሄደ። እኔ ብዬ እዚህ ከገባ፣ ሌላ ሰው ሲልለት ደግሞ ይወጣል፤ ወይ ወደማያውቀው ሠርግ፣ ወይ ወደ መቃብሩ። ሐሙስ ሩቅ አልነበረም።

«ወረቀት አምጪ» አልኳት ጭራሮን። «ዛሬ ከዚህ አወጣዋለሁ።»

ከበሩ ወዲያ ያለውን ተናገርኩላት። የግቢውን በር፣ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ የሚቀመጠውን ጫማ ሰፊ፣ ሴቶች የሚሰለፉበትን ቧንቧ። ቀና ሳትል ጻፈች። አነበበችልኝ። «በል» አልኩት።

ደፉን ተሻገረና ጠፋ።

ጠፋ ስላችሁ፣ ዕቃ ቤቱ ባዶ ሆነ። ጭራሮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልቤ ተሳካልኝ ሊል ሲል፣ ከውስጥ ድም የሚል ተሰማ። ግመሉ ሥር ተመልሶ ወድቋል። ፀጉሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሰክቷል።

«ዛፉ ድረስ ሄድኩ» አለ፣ እያለከለከ። «ደገፍ ስለው ከሥሬ ከዳኝ።»

ጭራሮ ቅጠሉን ከፀጉሩ ላይ አነሣችለት። እጁን ይዛ ከሳበችበት ቀን ወዲህ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው። ቅጠሉን አምጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያ ዛፍ ተቆርጧል። ቦታው አሁን መድኃኒት ቤት ነው።»

«ጫማ ሰፊውስ?»

አቀረቀረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም እኮ።»

ቅጠሉ እርጥብ ነበር። የሌለ ዛፍ ቅጠል። እሱን መንገድ ላይ አወጣዋለሁ ስል፣ ለካ እኔም መንገድ የለኝም። በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከወዲያ ነጭ ሆኖብኝ ስንት ዘመን ተቀምጫለሁ።

* * *

ሐሙስ ዕለት ጭራሮ ወደ ሱቅ አልሄደችም። ወረቀቱን አስጠጋሁላትና «አንቺ ጻፊው» አልኳት። «ውጪውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ጽፌ የት ልላከው?» አለች። «ያንቺ ታሪክ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ወደዚያች ልጅ በር ነው የሚወስደው። በገዛ እጄ ጽፌ ለሌላ ሴት ላስረክብ?»

«እዚህ ከተቀመጠ እኮ ያ ሰውዬ ዛሬ ይጨርሰዋል።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ምን ይሁን?»

«እኔ እንጃ እትዬ። እኔ እንጃ።»

ወደ ዕቃ ቤቱ ዞርኩ። ደፉ ጋ ቆሟል፤ ሲሰማ ነው የቆየው። «አንተስ?» አልኩት። «ስላንተ ነው የሚወራው። የምትለው የለህም? ደግሞ ማዕበል እንዳትለኝ።»

በዚህ ጊዜ ሲናገር እጁ ደረቱ ላይ አልወጣም።

«እኔ የትም አልሄድም» አለ። «ከድልድዩ ማዶ ሱቅ ከነክፍሉ ሰጥተውኝ ነበር። ክፍሉ በጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። አንዲት አሮጊት አለችብኝ፣ ጉልበቷ አይችልም ብዬ ተውኩት። አላዘንኩም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ ስተኛ፣ ያ ፀሐይ ትዝ ይለኛል።»

አሮጊት? እኔ ለዚህ ሰው አሮጊት አልሰጠሁትም። ሆን ብዬ ነው የሙት ልጅ ያደረግኩት፤ ዘመድ ሲበዛ ታሪክ ይጨናነቃል።

ጭራሮን አየኋት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እሱ ሲስቅ አፉን እንደሚከልለው፣ ልክ እንደዚያው። አውራ ጣቷ ላይ ወረቀት የቆረጠው ጠባሳ አለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው። የሱቋ ባለቤት ከድልድዩ ማዶ ሁለተኛ ሱቅ መክፈቱን ነግራኝ ነበር። ለሷ መሰጠቱን አልነገረችኝም።

«ጭራሮ» አልኳት። «ያልነገርኩሽን ትጽፊ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«መልሰሽ ስታነቢልኝስ?»

«እዘለዋለሁ። በልቤ አነበዋለሁ።»

ይህን ያህል ዘመን ስኮራበት የኖርኩት ጆሮዬ በራፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«የባለጸጋውን ልጅ ፊት አላውቀውም» አላት። ለእሷ ነው የሚናገረው፤ እኔ ከዚያ ቤት እንደሌለሁ ነው። «ያየሁት መጋረጃ ነው። ፊቷን የነገረኝ የለም። የማውቀው ድምፅዋን ነው፣ እሱም ያንቺ ድምፅ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ባንቺ ድምፅ ነው የዘነበብኝ። አባትየው እንኳ በሩን ሲዘጋብኝ ባንቺ ድምፅ ነው የዘጋው፤ ለዚህ ነው ያልፈራሁት። ጮክ ብለሽ ያነበብሽው የእትዬ ነው። ሲጠይቁኝ ምላሴ ላይ ይመጣል፣ ልከለክለው አልችልም። ድምፅሽን ውጠሽ ያለፍሽው ግን ምላሴ ላይ አይደለም።»

«የት ነው?» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«እሱ እኔ ነኝ።»

እኔ የምለው አጣሁ፤ ይህን የምታነቡ ሁሉ ቀኑን መዝግቡልኝ። የኔ ነው ያልኩት ሰው ግማሹ የኔ አልነበረም። ያውም የሚወደደው ግማሽ። ቅንድቡንና ትከሻውን እኔ ሰጠሁ፤ ቁልፍ የሚያሞቀውን መዳፍ እሷ ሰጠች። ማዕበሉ የኔ ነው፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ የሷ ነው።

አዘጋጁ አሁን ፈገግ አለ። ግማሽ ነው ያልኩት፤ ሙሉ አላልኩም። ጻፍ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን «አለችብኝ» ያላት ናት። አንዲት አሮጊት አለችብኝ። ልጅቷ እኔን እንደ ጓጉንቸር በሯ ላይ አንጠልጥላ ኖራለች፣ አንድም ቀን ሳታማርር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከወጡ የሚያነብልኝ የለም፣ የሚያነሣኝ የለም። ካልወጡ ደግሞ ሦስታችንም እዚሁ ነን፤ ግመሉ እስኪወርድብን።

«ጻፊ» አልኳት። «ከደፉ ጀምረሽ እስከ ድልድዩ ማዶ። እስከዚያ ፀሐይ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን? ጠባቂ የሚያስፈልገኝ ንብረት ነኝ?»

«እትዬ—»

«ጭራሮ፣ ንገሪኝ አላልኩሽም። ጻፊ ነው ያልኩሽ። ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አንድ ቃል ብትውጪ ዓይንሽን አላይም።»

ተቀመጠች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁ። ከኔ አፍ ምንም ሳይወጣ እስክሪብቶ ሲሄድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ደፉን ይዞ እጇን ያያል። ውኃ እንደተጠማ ሰው።

ተነሥታ አነበበች። መጀመሪያ ድምፅዋ አነሰ፣ ከዚያ ወጣ። የዕቃ ቤቱን ደፍ፣ ወለሉ ላይ የተነሣውን ሳንቃ፣ ሲከፈት የሚያለቅሰውን የግቢ በር። ዛፉ ከነበረበት ቦታ መድኃኒት ቤቱን፣ በቀን የሚበራውን አረንጓዴ መብራቱን። ሰው ሁሉ የሚዘለውን ክፍት ቦይ። ቲማቲም የምትሸጠዋን ሴትና በዝናብ ቀን የምትዘረጋውን ላስቲክ። አንድ በኩል ብረቱ የተነቀለውን ድልድይ፣ «በዚህ በኩል እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ በዚያ» ብላ የጻፈችለትን። አዲስ ወረቀት የሚሸተውን ሱቅ። ከጀርባው ያለውን ክፍል። አንድም ማዕበል የለበትም፤ ሁሉም እንደው እንዳለ ነው። እያነበበች ሳለ እግሩ ወለሌ ላይ አረፈ። ሳንቃው ጮኸ።

እሷ አላየችም፤ ወረቀቱን ነው የምታየው። የመጨረሻውን አነበበች፦ «አክስትየዋም ከወንበሯ ተነሥታ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው።»

«ይህቺን ሰርዢያት» አልኳት።

«አልሰርዝም። ተነቧል።»

ያን ጊዜ ቀና ስትል ፊቷ ቆሞ አገኘችው። መካከላቸው ደፍ የለም። የሚናገሩት ብዙ ያላቸው ሰዎች እንደሚሆኑት ምንም አልተናገሩም። መዳፏን ወስዶ፣ ቁልፍ እንደሚያሞቀው፣ በሁለት እጁ ያዘው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አሮጊት ብሆንም ምግባር አለኝ።

ቆይቶ ወደኔ መጣ። ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ማን መስሎህ ነበር?»

«በድምፅዎ ረዘም ያሉ ነበሩ።»

«ቁጭ ብዬ ነው» አልኩት።

አልዋሻችሁም፣ ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው። እኔ ማንም ያልጻፈኝ ሰው ነኝ፤ ሲነበብ አልነሣም። ግን ልጅቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ ያነበበችውን፣ እኔ ቁጭ ብዬ ውሸት ላድርግባት? ተነሣሁ። በቁም ሣጥኑ፣ በግድግዳው፣ በሰማያዊው ሸሚዝ ትከሻ ተደግፌ ሄድኩ። የግቢው በር እንዳለችው አለቀሰ። አረንጓዴው መብራት እንዳለችው ይበራል። አስቀያሚ ነው። ደስ አለኝ።

«እሁድ እመጣለሁ» አለችኝ ጭራሮ፣ አንገቴ ሥር ተወሽቃ። «ሌላውንም መንገድ እየጻፍኩ ነው የምወስደው። ወደዚህ መመለሻውንም ጽፌዋለሁ።»

«ጮክ ብለሽ» አልኳት።

እሱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሙቅ ነበር። ቦዩን ሲዘሉ አየሁ፤ እሷ ቀድማ ዘለለች፣ ዞር ብላ እጇን ሰጠችው። ቲማቲም ሻጯ ሰማያዊውን ሸሚዝ አየችና ፈገግ አለች። ጎበጥ ካለው መንገድ ወዲያ ሲሰወሩ በሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ጨብጬ ይዤዋለሁ፤ እንዳይቀዘቅዝ ነው። ግን ቀስ እያለ፣ ጣቶቼ ውስጥ፣ ብረት ብቻ ሆነ።

* * *

አዘጋጁ መጨረሻውን ሊወስድ ሲመጣ ያገኘኝ እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው። ደግፎ አስገባኝ፤ ይህንንም ይጻፍ፣ እውነት ነው። ዕቃ ቤቱን አየ። ኮቱ ምስማሩ ላይ ነው፣ ወንበሯ እግር አላት፣ ደፉ ላይ የደረቀ ቅጠል አለ። «ማን ያምነናል?» አለኝ። «እናንተ ማመን ልማዳችሁ አይደለም» ብዬ እስክሪብቶ አስያዝኩት።

እንግዲህ አንተ። ከርዕሱ ሥር ሁለት ስም አድርግ፣ የኔንም የእሷንም። ሠርግ አትጨምርበት፣ መቃብርም አትቆፍርበት፤ መንገዳቸውን ራሳቸው እየጻፉ ነው። ቅድም ስለ ቁልፉ ተናግሬ ዝም ስል፣ እስክሪብቶህ አልቆመም ነበር። ሰምቼሃለሁ። ምን እንደጨመርክ አላውቅም። አሁን ወረቀቱን ከመጀመሪያው አንሣና አንብብልኝ። ጮክ ብለህ። የጨመርካትንም እንዳትዘላት።